መኪናዬ ዝጋለች፣ ምን ላድርግ? ስለ አሮጌ መኪና ዝገት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቮልስ፣ ዲኤክስ፣ ላዳ ወይም ሌላ ዕድሜ ጠገብ መኪና ይዛችሁ ቅዳሜን ግቢ ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ለምታሳልፉ።

መኪና ለምንድን ነው የሚዝገው?

ብረት፣ ውሃና አየር አንድ ቦታ ሲገናኙ ዝገት ይጀምራል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዝገት የለም። ቀለም ለውበት ብቻ የተቀባ ይመስለናል፤ ዋና ሥራው ግን ውሃና አየር ብረቱን እንዳያገኙት መከለል ነው። ጎማ ጠጠር ሲያፈናጥር፣ ወይም ጎረቤት የመኪናውን በር ከፍቶ ሲገጫችሁ፣ በዚያች ትንሽ ጭረት በኩል ውሃው መግቢያ ያገኛል።

ክፋቱ አንዴ ከጀመረ በኋላ አይቆምም። የአሉሚኒየም ድስት አየር ሲያገኘው ስስ ሽፋን ያበጅና በዚያው ራሱን ይጠብቃል። የብረት ዝገት ግን እንደ ስፖንጅ ነው፤ ውሃውን ይዞ ወደ ታች ይዘልቃል። ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝም ያብጣል። ቀለሙ ላይ እንደ ብጉር ብቅ የሚለው እሱ ነው። ብጉሩ የምስር ፍሬ ካከለ ከሥሩ ያለው ዝገት የሃምሳ ሳንቲም ያህል ቢሰፋ አይግረማችሁ።

አዲስ አበባ ባሕር የላት፣ መንገዷ ላይ ጨው አይበተን፤ የኔ መኪና ለምን ዛገች?

በጭቃ ነው። ክረምቱን ሙሉ ጎማው ጭቃውን ወደ ፓራፋንጎው ውስጥ ይወረውራል፤ እዚያው ታጭቆ ይቀራል። መኪናዋ ከላይ ታጥባ ስታበራ ውስጧ ለሳምንታት እርጥብ ነው። በጋ ሲመጣ ደግሞ አቧራው የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። በሚቀጥለው ክረምት ውሃው ይገባል እንጂ አይወጣም።

ጨው ሲጨመርበት ይብሳል። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያስተላልፍ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮች ይህንን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሚኒሶታ፣ ዋሽንግተን ወይም ቶሮንቶ ያላችሁ ደግሞ ለበረዶ ተብሎ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው ጠላታችሁ። ከእነዚህ አገሮች ወይም ከባሕረ ሰላጤው ጠረፍ ከተሞች የመጣ ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ ከላይ ባለው ቀለም አትማረኩ፤ ከሥር ገብታችሁ እዩ።

ዝገቱ ላይ ላዩን ነው ወይስ ውስጥ ገብቷል? እንዴት ልለየው?

በካቻቢቴ። በስለቱ አይደለም፣ መጀመሪያ በእጀታው መታ መታ አድርጉት። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላ ብረት ድምፁ የታፈነ ነው። ከዚያ በጫፉ ጫን በሉት። ቡናማ ዱቄት ብቻ ከተራገፈና ከሥሩ ጠንካራ ብረት ካለ ላይ ላዩን ነው፤ ቤት ውስጥ ይሠራል። ጉድጓድ ጉድጓድ ካበጀ ሰፋ ያለ ሥራ ነው፣ ግን አሁንም ይቻላል። ካቻቢቴው ዘልቆ ከገባ ግን ብረት የለም፤ ቀለምና ዝገት ነው ተያይዘው የቆሙት። አትፍረዱበት፣ የመኪና ላሜራ ውፍረቱ የኤቲኤም ካርድ ያህል ነው። ከዚያ ላይ ምን ያህል ሊበላ ይችላል?

አንድ ሌላ ዘዴ አለ፣ በተለይ መኪና ለሚገዛ ሰው። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በፓራፋንጎውና በበሮቹ ታች አስኪዱት። ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ወፍራም ስቱኮ (ከቀለም በፊት ጎድጎድ ያለውን የሚሞሉበት ልጥፍ) ያለበት ቦታ ሲደርስ ይወድቃል። ሻጩ ፊቱ ሲቀያየር ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ የት የት ልፈልግ?

ውሃ ተኝቶ የሚያድርበትን ቦታ ሁሉ። የበሮቹን ታች ጀምሩ፦ በመስታወቱ ጎን የሚገባው ዝናብ በበሩ ውስጥ ወርዶ ታች ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች መውጣት አለበት። ቀዳዳው ከተደፈነ በሩ ባልዲ ሆነ ማለት ነው። በሩን ስትዘጉ ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከሰማችሁ ያው ነው። ቀጥሎ የፓራፋንጎውን ጠርዝ ከውስጥ በጣታችሁ ዳብሱ። ከበሩ ሥር ያለውን ደረጃ እዩ። የትርፍ ጎማውን አንሥታችሁ ጎድጓዳውን ተመልከቱ። በፊት መስታወቱ ጎሚኒ ዙሪያ ቀለሙ ያበጠ ካለ ውሃው ከጎሚኒው ሥር ገብቷል። ዛፍ ሥር የምታሳድሩ ደግሞ ኮፈኑን ከፍታችሁ በመስታወቱ እግር የተጠራቀመውን ቅጠል አውጡ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል እዚያ ገብቶ ሲበሰብስ ዓመቱን ሙሉ እርጥበት ይዞ ይቆያል።

ቮልስ ያላችሁ የኋላውን ወንበር አንሡ። ባትሪው እዚያ ሥር ነው፤ የሚያፈሰው አሲድ ወለሉን ይበላዋል። የብዙ ቮልሶች የመጀመሪያው ቀዳዳ እሱ ነው።

ምንጣፉንም አንሡ። ይህን የምለው ከራሴ ስለደረሰ ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ መኪናዬ ውስጥ የሻጋታ ሽታ ነበር፤ እኔ ሽቶ እየሰቀልኩ እነዳለሁ። አንድ ቀን ምንጣፉን ሳነሣው ከሥሩ ያለው ስፖንጅ እንደ እርጥብ ፎጣ ሊጨመቅ የሚችል ነበር። ከሾፌሩ እግር ሥር አስፋልቱን አየሁት።

ትንሿን የዝገት ነጥብ ራሴ እንዴት ልጠግን?

መጀመሪያ ጊዜ ምረጡ። ከጥቅምት ጀምሮ ባለው ደረቅ ወቅት ቢሆን ጥሩ ነው። ሐምሌ ላይ የገለጣችሁት ብረት ማታ ሳይደርስ ብርቱካናማ ይሆንባችኋል። ቦታውን በሳሙና እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ዙሪያውን በጋዜጣና በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። የሚራገፈውን በሽቦ ብሩሽ አራግፉ። ከዚያ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፈትጉ፤ ከሚታየው ዝገት ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር አልፋችሁ። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሰንፈው። ቀለሙ ጤነኛ መስሎ ከሥሩ ዝጎ ታገኙታላችሁ፤ እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ተከተሉት። ቀጥሎ በ180፣ በመጨረሻ በ320 የአሮጌውን ቀለም ጠርዝ አለስልሱ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣት ስትዳብሱት ቀለሙና ብረቱ የሚገናኙበት ቦታ ሊታወቃችሁ አይገባም።

አሁን ንጹሕ ጨርቅ በቲነር ነክራችሁ ጥረጉት። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የጣት ላብና ቅባት ቀለም እንዳይይዝ ያደርጋል። ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን ፕራይመር በዚያው ቀን ቀቡ። ኢፖክሲ የሚባለውን ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፤ ተራው ፕራይመር ውሃ ያስገባል፣ ለዝናብ አጋልጣችሁ ብታሳድሩት ከሥሩ ይዝጋል። ስስ ስስ አድርጋችሁ ደጋግሙ፤ በየመሃሉ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ። አንዴ በወፍራሙ ልገላገል ያለ ሰው ሲንጠባጠብበት ያያል። ሲደርቅ በ400 ወይም በ600 በስሱ አለስልሱ፤ ቀለሙን ሦስት አራት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ ደርቡ፤ ብልጭታ ያለው ቀለም ከሆነ ከላይ ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ ሽፋን ያስፈልገዋል። ሰም ለመቀባት አንድ ወር ያህል ታገሡ።

ቀለም ልታስበጠብጡ ስትሄዱ የነዳጅ መሙያውን ክዳን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የፋብሪካው የቀለም ቁጥር የሚነግራችሁ መኪናዋ አዲስ ሳለች የነበራትን ቀለም ነው። ፀሐይ ያጠወለገው አሁን ያለው ሌላ ነው።

አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል አሮጌውን ቀለም ስትፈትጉ አቧራው እንዳይነሣ ወረቀቱን በውሃ እያራሳችሁ ሥሩ፤ ብረቱ ሲገለጥ ግን ቶሎ አድርቁት። ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚረጨው ባለ ሁለት ክፍል ቀለም ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፣ ተራ የአፍ መሸፈኛም አያግደውም። እሱን ለቀለም ቤት ተዉት።

ዝገቱን ሳላነሣ ስቱኮ ሞልቼ ብቀባውስ?

ለስድስት ወር ያምራል። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ ዝገት ላይ ስታደርጉት እርጥብ ጨርቅ እንደ መለጠፍ ነው። አንድ ጋራዥ ሁለቱንም የኋላ ፓራፋንጎ «እንደ አዲስ» ሠርቶልኝ ነበር። በቀጣዩ ነሐሴ ቀለሙ አበጠ። ስፍቀው እንደ ደረቀ ዳቦ ቅርፊት ተነሣ፤ ከሥሩ ዝገቱ እንዳለ ነው። እንዲያውም ጋዜጣ ጠቅጥቀውበት አገኘሁ። ቀኑን አንብቤ ነበር።

ስቱኮ በራሱ ክፉ አይደለም። ንጹሕ ብረት ላይ ወይም ኢፖክሲ ፕራይመር ላይ፣ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ድረስ፣ ጎድጎድ ያለውን ለማስተካከል ነው የተሠራው። ቀዳዳ መድፈኛ አይደለም። በውሃም አትፈትጉት።

አንቲረስትና ዝገት ቀያሪ ፈሳሽ አንድ ናቸው?

አይደሉም። አንቲረስት የምንለው በአብዛኛው ቀይ ቡናማ የሆነው የብረት ፕራይመር ነው፤ ለግቢ በር የምንቀባው። የተጸዳ ብረትን ይጠብቃል እንጂ ያለውን ዝገት አያጠፋም። ዝገት ቀያሪው ውስጡ ፎስፎሪክ ወይም ታኒክ አሲድ አለ። ታኒን ጠንከር ያለ ሻይ ስንጠጣ ምላስ የሚያጣብቀው ነገር ነው። ዝገቱን ሲነካው ወደ ጥቁር፣ ወደማይራገፍ ነገር ይለውጠዋል።

ብርጭቆ ወረቀት ለማይደርስባቸው ጉድጓዶችና ማዕዘኖች ጥሩ ነው። ግን የሚራገፈውን ካላነሣችሁለት የላይኛውን ቅርፊት ብቻ ያጠቁርና ከሥሩ ያለው ይቀጥላል። ነጭ ብረት ላይ መቀባትም ትርፍ የለውም፤ የሚለውጠው ዝገት ያስፈልገዋል። ከላዩም ቀለም ይፈልጋል። አንዳንዱ ከኢፖክሲ ጋር አይስማማምና ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቡ።

ኮካ ኮላ፣ ሎሚና አቼቶ ዝገት ያወጣሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን ለመኪናው አካል አይሆንም። ኮካ ውስጥ ፎስፎሪክ አሲድ አለ። የድሮ መኪና የሚያብረቀርቅ ፓራውልት ላይ ቀላል ዝገት ካለ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ጨማድዳችሁ ኮካ እየነከራችሁ ፈትጉት። ይለቃል። በኋላ በደንብ እጠቡት፤ ስኳሩ ከቀረ ጉንዳን ትጠራላችሁ።

አቼቶ ለተፈታ ዕቃ ነው። የዛጉ ብሎኖችን፣ ማጠፊያዎችን ሌሊቱን ነክራችሁ አሳድሩ፤ ጠዋት በብሩሽ ስታሹት ይረግፋል። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አጥባችሁ፣ ፈጥናችሁ አድርቃችሁ ዘይት ቀቡት፤ አለበለዚያ በሰዓታት ውስጥ እንደገና ይዝጋል። ዚንክ የተለበጠ ዕቃ አትንከሩ፤ አሲዱ ልባጩን ይበላዋል። ሞላን፣ ባሌስትራና አሞርዛተር የሚያስሩ ብሎኖችንም እንዲሁ። ጠንካራ ብረት አሲድ ውስጥ ሲቆይ ሃይድሮጂን ይገባበትና እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ሊሆን ይችላል። ላይ ላዩን አምሮ መንገድ ላይ ይሰበራል።

ከሥር የተቃጠለ ዘይት ማስረጨትስ?

እኔም ድሮ አስረጭቼ ነበር። ውሃ ማባረሩን ያባርራል። ነገር ግን ጎሚኒዎችን ያበላሻል፣ ማርሚታ ላይ ሲደርስ ይጨሳል፣ አቧራ ይስባል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ታጥቦ ወደ ቦይ ይሄዳል። ያገለገለ የሞተር ዘይት በቆዳ ላይ ሲደጋገም ለጤናም ጎጂ ነው። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ በኋላ እዚያ ቦታ ቀለም ልቀባ ወይም ልበይድ ስትሉ ነው፤ ቅባቱን የሚያወጣው የለም።

ሬንጅም የሚያስቀቡ አሉ። አዲስ እያለ ጥሩ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከሬንጁ ሥር ይተኛል። ከላይ ጥቁርና ንጹሕ ይመስላል። የተሰነጠቀ አሮጌ ሽፋን ካለ ፍቃችሁ አውጡት እንጂ በላዩ አትደርቡ። የተሻለው እንዲህ ነው፦ የጎማው መቀመጫ ውስጥ ጠጠር የሚችል የጎማ ሽፋን፣ በበሮችና በደረጃው ውስጥ ባለው ክፍት ቦታ ደግሞ በቀጭን ቱቦ የሚረጭ ሰም። ሰሙ ስለማይደርቅ ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን፣ ፍሬኑንና ማርሚታውን አታስነኩ።

ክረምት ከመግባቱ በፊት ምን ላድርግ?

ግንቦት ላይ አንድ ግማሽ ቀን መድቡ። የበሮቹን የውሃ መውጫ በጥርስ መጎርጎሪያ ወይም በፕላስቲክ ሽቦ ክፈቱ። በክረምቱ ላቫጆ ስትሄዱ «ሥሩንም፣ ፓራፋንጎውን ከውስጥ» ብላችሁ ንገሯቸው፤ ካልተናገራችሁ የሚታየውን ብቻ ነው የሚያጥቡት። የተጫረ ቦታ ካለ በዚያው ሳምንት የጥፍር ቀለም ቢሆን እንኳ ጠብ አድርጉበት። ቀልዴን አይደለም፣ እስክትሠሩት ይይዛል።

ሸራ ባለብሳት ይሻላል?

ላስቲክ ከሆነ ይብሳል። ጠዋት ከሥሩ ስታዩት ላብ ይዞ ታገኙታላችሁ። አየር የሚያስገባ ጨርቅ ከሌላችሁ ጣሪያ ያለው ክፍት ቦታ ይሻላል። እርጥብ መኪና በጠባብ ዝግ ክፍል ማሳደርም ጥሩ አይደለም።

ብረቱ ተበስቷል። በፋይበር ወይም በቆርቆሮና ሪቬት ልለጥፈው?

የፓራፋንጎ ወይም የበር ታች ከሆነና እስክትበየዱት ጊዜ ለመግዛት ከሆነ እሺ። ዙሪያው ያለው የዛገ ብረት ካልተቆረጠ ግን ልጥፉን ይዞት የሚቀር ነገር የለም፤ በዓመቱ ቀዳዳው ከልጥፉ ይሰፋል። ትክክለኛው መንገድ እስከ ጤነኛው ብረት ቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ ነው። በያጁን ስትመርጡ በምን እንደሚበይድ ጠይቁ። ለግቢ በር የሚሆነው የዘንግ ብየዳ ይህን ስስ ላሜራ እየበሳሳ ይሄዳል። ከብየዳው በፊት ባትሪው ይፈታ፣ ምንጣፉና ወንበሩ ይውጣ፣ አንድ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ ይቁም። ሲያልቅ ከውስጥ በኩል ያለውን ስፌት ሰም ማስረጨት አትርሱ፤ ብየዳው እዚያ ያለውን ቀለም አቃጥሎታል።

ራሴ ፈጽሞ መንካት የሌለብኝ ምንድን ነው?

የፍሬን ቱቦ። ዝጎ ካያችሁ አትፈትጉት፤ እየሳሳ ይሄዳልና አስቀይሩት። የነዳጅ ታንከር። ባዶ ነው ብላችሁ እሳት አታስጠጉ፤ ባዶው የሚተንን ጋዝ ስለሚሞላው ከሙሉው የባሰ ይፈነዳል። የደኅንነት ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ፣ ባሌስትራና አሞርዛተር የሚያያዙበት፣ መኪናዋን የሚሸከመው አጽም ማለትም ሻንሲው። እነዚህ ላይ ዝገት ካለ ጉዳዩ የመኪናዋ መልክ መሆኑ ቀርቷል፤ ወደ ባለሙያ ውሰዷት። ደግሞ ለማየት ስትገቡ በክሪክ ብቻ በተነሣች መኪና ሥር አትግቡ። ማቆሚያ አድርጉባት፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ያዙ።

ይህን ሁሉ ከምለፋ ሸጬው አልገላገልም?

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ መልኩን ቀይሯል። ለብዙዎቻችን ያለችውን መንከባከብ ግድ ሆኗል። ቢሆንም ወሰን አለው፣ ወሰኑም እንደ መኪናዋ አሠራር ይለያያል። ላንድ ክሩዘር ሻንሲው ለብቻው ነው፤ እሱ ጤነኛ ከሆነ ላይኛውን ቀስ እያላችሁ ትሠሩታላችሁ። ቮልስም ላይኛው አካል ከወለሉ ጋር በብሎን ስለሚያያዝ ተለያይቶ ይሠራል፤ ለዚህ ነው ስንቱ ወለሉን ጨርሶ እንደገና መንገድ ላይ የምናየው። ዲኤክስና መሰሎቹ ግን ላሜራው ራሱ ነው ሻንሲው። ደረጃዎቹና አሞርዛተር የሚያያዝበት ቦታ አብረው ከተበሉ ወጪው ከመኪናዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ጋራዥ ወስዳችሁ አስነሥታችሁ፣ ካቻቢቴ ይዛችሁ ከሥር ግቡ። መጀመሪያ ቀለም ቀቢው ሳይሆን በያጁ ይያት። እሱ «ትበየዳለች» ካለ ብርጭቆ ወረቀቱን ግዙ።